ነዳጁ በደቡብ፣ ቧንቧው በሰሜን፦ የሁለቱን ሱዳኖች ጦርነት ያመጣው ምንድን ነው?

ባሮ ዳር (ክሩን የከፈተ)

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ «በአፍሪካ ከነጻነት በኋላ የተነሣ ጦርነት ሁሉ ሥሩ ቢማስ ማዕድን ወይም ነዳጅ ነው» የሚል ድምዳሜ ሰፍሮ ብዙ ሰው ተቀብሎት አለፈ። እኔ ጋምቤላ ያደግሁ፣ ከሱዳን የመጡ ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጬ የተማርሁ ሰው ነኝና ነገሩ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልመስል አለኝ። ስለዚህ አንዱን ጦርነት ብቻ ለይተን እንድንመለከት ይህን ክር ከፈትሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የጊዜውን ቅደም ተከተል እንመልከት። በቶሪት የደቡብ ወታደሮች ያመፁት በነሐሴ 1955 ነው፤ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው። ጦርነቱ ባንዲራው ከመሰቀሉ በፊት ተጀምሯል ማለት ነው። ሸቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ያገኘው ግን በ1978 ነው። ስለዚህ እስከ 1972 የዘለቀው የመጀመሪያው ጦርነት ነዳጅ የሚባል ነገር በማንም አፍ ሳይጠራ ተዋግተው የጨረሱት ጦርነት ነው። ያ ጦርነት የቆመውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሸምጋይ በሆኑበት በአዲስ አበባው ስምምነት ነበር፤ ደቡቡም የራሱ ምክር ቤትና አስተዳደር ያለው ክልል ሆነ።

ነዳጁ የሠራው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሠራውም ሥራ ይህን ሰላም ማፍረስ ነው። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ነዳጁ የተገኘው በደቡብ ክልል ውስጥ መሆኑን ባዩ ጊዜ በ1980 የክልሎቹን ካርታ እንደገና የሚሥል ረቂቅ ሕግ ቀረበ፤ በጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሐሰን አል ቱራቢ ነበሩ። በረቂቁ ካርታ ላይ የነዳጁ መሬት ወደ ሰሜን ገባ። የደቡብ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ምክር ቤቱ ተቃወመ፣ ኒሜሪም ወደ ኋላ አሉ፤ ነገር ግን አካባቢውን «ዋሕዳ»፣ ማለትም «አንድነት»፣ የሚል ስም ሰጥተው አዲስ አስተዳደር አቆሙበት። ቀጥሎ የማጣሪያው ነገር መጣ። ደቡቦች ማጣሪያው ነዳጁ በተገኘበት በቤንቲዩ እንዲሠራ ለመኑ፤ መንግሥት በሰሜን ባለችው በኮስቲ ይሠራል አለ፤ በኋላ ያም ቀርቶ ድፍድፉ በቧንቧ በቀጥታ ወደ ፖርት ሱዳን እንዲሄድ ተወሰነ። በ1983 ኒሜሪ የደቡብን ክልል ለሦስት ከፍለው የአዲስ አበባውን ስምምነት በአዋጅ ሻሩት። የቦር ጦር በዚያው ዓመት ግንቦት አመፀ፣ በኋላ የደቡቡን አማፂ ጦር የመሩት ጆን ጋራንግም ጫካ ገቡ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ለጠብ ያበቃቸው ከመሬት በታች ያለው ሀብት ሳይሆን ሀብቱ በማን ደጅ አልፎ ይወጣል፣ ሒሳቡንስ ማን ይይዛል የሚለው ነገር ነው። ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ ያለው ቢሞግተኝ ደስ ይለኛል።

ሰሜነኛው

ወንድሜ ባሮ ዳር፣ የጻፍኸው በአብዛኛው ያስማማል፤ ነገር ግን አጀማመርህ ዘግይቷል። ነዳጅ ባይኖርም ሀብት ነበረ። ከነዳጁ በፊት የዝሆን ጥርስ ነበር፣ ከዝሆን ጥርሱ ጋር አብሮ የሚነዳው ደግሞ ሰው ነበር። የካርቱም ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጭ ዓባይ ሽቅብ የሄዱት ለዚህ ነው። እንግሊዞች ሲመጡም በ1920ዎቹ ደቡቡን «የተዘጋ ወረዳ» ብለው በፈቃድ ካልሆነ የሰሜን ነጋዴ እንዳይገባበት አደረጉ፤ ሁለቱን ለሠላሳ ዓመታት እንደ ሁለት አገር አስተዳድረው ሲያበቁ በመጨረሻው ሰዓት አንድ ላይ አስረው ሄዱ። ኒሜሪ የወረሱት ካርታ ያን ካርታ ነው። ነዳጁ እሳት ላይ የፈሰሰ ነው ብትለኝ እቀበላለሁ፤ እሳቱን ማን እንዳነደደ ግን አብረን ብንጽፍ መልካም ነው።

የጡረታ መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ታሪክ ለሠላሳ አንድ ዓመታት አስተምሬአለሁና ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ውሃ ነው። ባሮ ዳር በ1983 ስለተኮሰው ጦር ሲጽፍ የጆንግሌይን ቦይ ዘሎታል። ነጭ ዓባይ ሱድ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ተንጣሎ ብዙው ውሃ በትነት ይጠፋል፤ ግብፅና ሱዳን ያን ውሃ በ360 ኪሎ ሜትር ቦይ ረግረጉን አዙረው በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ተጨማሪ ውሃ ለመካፈል አሰቡ። ወሬው በተሰማ ጊዜ በ1974 ጁባ ላይ ሁከት ተነሥቶ ነበር፤ የግብፅ ገበሬዎች ሊሰፍሩብን ነው ተብሎ ተወርቶ ነበርና። ቁፋሮው በ1978 ተጀመረ። የሚቆፍረው መኪና ከሁለት ሺህ ቶን በላይ የሚመዝን፣ ባልዲ የተደረደረበት ግዙፍ መንኮራኩር ያለው ነው፤ ከዚያ በፊት በፓኪስታን ቦይ ሲቆፍር ቆይቶ ተፈታትቶ የመጣ ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ቆፍሮ ሳለ በ1984 የጋራንግ ጦር ሥራውን አስቆመው። መኪናው እስከ ዛሬ በዚያው ሜዳ ቆሞ ዝጓል፤ የተቆፈረው ቦይ ደግሞ ውሃ ሳያሳልፍ ቀርቶ ለከብትና ለዱር እንስሳ መተላለፊያ እንቅፋት ሆኗል። ጋራንግ በ1981 በአሜሪካ አዮዋ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ በጆንግሌይ ልማት ላይ እንደነበር ስታስታውሱ፣ ቦዩን ያስቆሙት ምንነቱን ሳያውቁ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ነዳጁና ውሃው በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን፣ ሊፈሱ ነበር። የደቡቡ ሰው ያየው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የባሮ ዳርን የ«ደጅ» ሐሳብ በሌላ አገር መፈተን ነው። ኮንጎ ነጻ በወጣች በ11ኛው ቀን፣ ጁላይ 11 ቀን 1960፣ ሞይስ ቾምቤ የሚመሯትን የመዳብ ግዛት ካታንጋን ገነጠሉ። መዳቡን የሚያወጣው የቤልጂጉ ዩኒየን ሚኒዬር ግብሩን ለዋና ከተማዋ ለሊዮፖልድቪል መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ ከፈለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የካታንጋ መዳብ ወደ ባሕር የሚወጣው በሊዮፖልድቪል በኩል ብቻ አልነበረም። በፖርቱጋሎች እጅ በነበረችው አንጎላ በቤንጌላ ባቡር ወደ ሎቢቶ ወደብ፣ ወይም በሮዴዥያ በኩል መውጣት ይችል ነበር። ቾምቤ ያለ ማዕከላዊው መንግሥት ሁለት ዓመት ተኩል የቆዩት ሌላ ደጅ ስለነበራቸው ነው። ያን መገንጠል በጃንዋሪ 1963 የቋጨው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ነው፤ በጊዜው አዛዡ የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ የእኛም ወታደሮች በዚያ ነበሩ። የመንደሬ ሰው አንዱ ከዚያ ሲመለስ ያመጣት የመዳብ መስቀል የምትመስል ቁራጭ ነበረች፤ በካታንጋ ጥንት እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረ ዓይነት ነው ብሎ በልጅነታችን ያሳየን ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሞተ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የደቡብ ሱዳን ነገር ከዚህ የሚለየው፣ ሌላ ደጅ ስላልነበራት ነው።

ባሮ ዳር

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆንግሌይን መዝለሌ ስሕተት ነው፤ ካታንጋን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ግን ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር። ሰሜነኛውም ያለው እውነት ነው፤ እንዲያውም እሱ ያነሣውን የሚያጠናክር አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛውን ጦርነት ባቆመው በ2005 የሰላም ስምምነት ላይ፣ በሰሜንና በደቡብ ድንበር ላይ ያለችው አብዬ የተተረጎመችው «በ1905 ወደ ኮርዶፋን የተዛወሩት የዘጠኙ የንጎክ ዲንካ ነገዶች ምድር» ተብላ ነው። አንድ የቅኝ ግዛት ሹም ለአስተዳደር እንዲመቸው ያደረገው ዝውውር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሔግ የግልግል ፍርድ ቤት ጠበቆች ሲከራከሩበት ሰነበተ። በጁላይ 2009 ፍርዱ ሲሰጥ የአብዬ ወሰን ጠበበና የነዳጅ መሬት የሆነችው ሄግሊግ ከአብዬ ውጭ ቀረች። የነዳጁ ዋና ክፍል በዚያች መሥመር ከክርክሩ ወጣ ማለት ነው፤ ጠቡ ግን አልወጣም። ለምን አልወጣም የሚለውን የሚነግረን ቦታውን ያየ ሰው ነው። በዚህ መድረክ ከአብዬ የተመለሰ ሰው ይኖር ይሆን?

ሰማያዊ ቆብ

አለሁ። በአብዬ ሰላም አስከባሪ ኃይል ውስጥ ሁለት ዙር አገልግያለሁ፤ ስሜንና ክፍሌን አልጽፍም።

አስቀድሜ ለማያውቁት፦ በሜይ 2011 የካርቱም ጦር አብዬን በያዘ ጊዜ ከተማዋ ተዘርፋና ተቃጥላ ሕዝቡ ወደ ደቡብ ሸሸ። በወሩ ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙና በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1990 መሠረት 4,200 የሚሆን የኢትዮጵያ ጦር እንዲገባ ተፈቀደ። ሁለቱም የተስማሙበት ሌላ አገር ስላልነበረ ከሞላ ጎደል ጦሩ በሙሉ የእኛ ነበር።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ስለ ነዳጅ የሚያወራ ሰው በዚያ አላገኘሁም። የሚወራው ስለ ወንዝ ነው። ንጎክ ዲንካዎች ኪር ይሉታል፤ በካርታ ላይ ባሕር አል አረብ ተብሎ ተጽፏል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሚሴሪያ የሚባሉት አረብ ከብት አርቢዎች ከሰሜን ከብታቸውን እየነዱ ወደዚያ ወንዝ ይወርዳሉ፤ በሰኔ ዝናቡ ሲጥል ይመለሳሉ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፣ ሲዘንብ ደግሞ ኦራሉን እስከ ሻንሲው ይውጠዋል። የእኛ የበጋ ሥራ በዋናነት ከብትና ሰው ሳይጋጩ ማሳለፍ ነበር፤ ማን በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሳምንት፣ መሣሪያ ሳይዝ ይወርዳል የሚለውን ከሁለቱም ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። በአንድ ወቅት መንገዱ ላይ ቆመን ከማለዳ እስከ ቀትር ያለ ማቋረጥ ሲያልፍ የዋለ መንጋ አይቻለሁ፤ አቧራው ከመነሣቱ የተነሣ የፊቱን እንጂ የኋላውን ማየት አልተቻለም።

ይህ ነገር ለዘመናት የኖረና የራሱ ሥርዓት የነበረው ነው። ያበላሸው ካርታው ነው። በ2011 አብዬ በሕዝበ ውሳኔ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንድትሄድ ሲታሰብ፣ በዓመት ስድስት ወር የሚመጣው ሚሴሪያ ይመርጣል ወይስ አይመርጥም የሚለው ጥያቄ ተነሣና ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ቀረ። ቀደም ሲል «ውሃ አጠጣኝ» የነበረው ጉዳይ «ዜግነትህ የት ነው» ሆነ። በሜይ 2013 የንጎክ ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል ከስብሰባ ሲመለሱ በእኛ አጀብ ውስጥ እያሉ ተገደሉ፤ ከእኛም ወገን አብሮ የወደቀ አለ። ያን ቀን በዚያ ለነበርን ሰዎች ይህ ርዕስ የመጽሐፍ ርዕስ አይደለም።

ስለ ነዳጅ አይወራም ማለቴ የለም ማለቴ አይደለም። በሰሜኑ ጫፍ ዲፍራ የሚባል የነዳጅ ቦታ አለ፤ አካባቢው ከጦር ነጻ ይሁን ተብሎ ሳለ የካርቱም የነዳጅ ፖሊስ ግን ከዚያ ሳይወጣ ቆየ፤ ጸጥታው ምክር ቤትም እንዲወጣ በየውሳኔው ይጠይቅ ነበር።

የጁባ ነጋዴ

እኔ ደግሞ የማውቀው የገበያውን በኩል ነው። ከ2008 እስከ 2013 መጨረሻ ጁባ ላይ ትንሽ ሆቴል ነበረኝ፤ ከአንድ ዘመዴ ጋር ደግሞ የውሃ ቦቴ ነበረን። በጁባ የቧንቧ ውሃ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ስለነበር ቦቴዎቹ ከነጭ ዓባይ እየቀዱ ለየቤቱ ያዳርሱ ነበር፤ ከነዚያ ቦቴዎች ብዙዎቹ የሐበሻ ነበሩ።

በጃንዋሪ 2012፣ በ2011 ነጻ የወጣችው የደቡብ ሱዳን መንግሥት ነዳጁን ሲዘጋ የነበረው ስሜት ሊነገር አይችልም። ካርቱም ያልተከፈለኝን የማስተላለፊያ ሒሳብ ነው ብላ በፖርት ሱዳን ድፍድፋቸውን ወስዳ ነበርና፣ «ከምንዘረፍ ብንራብ ይሻላል» የሚለው ቃል በየጠረጴዛው ይሰማ ነበር። ሰዉ ደስ ብሎት ነበር። ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶው ከነዳጅ የሚመጣ አገር መሆኑን በዚያ ሳምንት ያነሣ ደንበኛ አልነበረኝም። እኔም ብሆን የተረዳሁት የዶላር መንዛሪ ልጅ ጠዋት መጥቶ «ዛሬ አልሸጥም» ባለኝ ቀን ነው። የባንኩ ተመን በአንድ ዶላር ሦስት ፓውንድ ገደማ ነበር፤ በውጭ ግን በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር። ዱቄቱና ዘይቱ ከኡጋንዳ በዶላር የሚገባ በመሆኑ የእንጀራ ዋጋ አብሮ ወጣ። በጣም የሚገርመው ግን፣ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ የተቀመጠ አገር ለቦቴያችን የሚሆን ናፍጣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ነበር የሚያስመጣው፤ ናፍጣ ሲጠፋ ወንዙ እያለ ሕዝቡ ውሃ ይጠማ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በኤፕሪል 10 ሄግሊግን ያዙ ተብሎ ሲሰማ ጁባ ጨፈረች፤ በአሥር ቀን ውስጥ ውጡ ተብለው ወጡ። በዲሴምበር 2013 ተኩሱ በራሳቸው መካከል ሲጀመር እኔ ቦቴውን በግማሽ ዋጋ ሽጬ ወጣሁ። ያን ጊዜ ካርቱም የለችበትም። ስለዚህ ባሮ ዳር ሁሉን ነገር በደጁ ላይ ባይጭነው ጥሩ ነው፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ሞሰቡን ማን ይከፍታል የሚል ጠብ ነበረ።

ቧንቧ ሠሪ

በባሕረ ሰላጤው አገር በነዳጅ ቧንቧ ጥገና እተዳደራለሁ። በዚህ ክር ሁሉም ስለ ቧንቧው ይጽፋል፤ ስለ ቧንቧው ጠባይ ግን የጻፈ የለም፤ ለክርክሩ አስፈላጊ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ላስረዳ።

ሁለት መሥመሮች አሉ። የመጀመሪያው ከሄግሊግ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው ነው፤ የቻይናው ብሔራዊ ኩባንያ 40፣ የማሌዥያው ፔትሮናስ 30፣ የካናዳው ታሊስማን 25፣ የሱዳኑ ሱዳፔት 5 በመቶ ይዘው ያሠሩት ሲሆን በ1999 ማስተላለፍ ጀመረ። ካርቱም በዚያ ገንዘብ መሣሪያ ገዛች፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያሉ የኑዌርና የዲንካ መንደሮችም በሄሊኮፕተርና በአንቶኖቭ ተመቱ። ታሊስማን በአገሩ በደረሰበት ወቀሳ ድርሻውን ለሕንድ ኩባንያ ሸጦ በ2003 ወጣ። ሁለተኛው መሥመር ከላይኛው ናይል ከፓሎች የሚነሣው ነው፤ በ2006 ሥራ ጀመረ።

የዚህ የሁለተኛው ድፍድፍ ሰም የበዛበት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ እንደ ረጋ ቅቤ ይሆናል። ስለዚህ በመንገዱ ሁሉ እያሞቁና እየገፉ ይወስዱታል፤ የሚያሞቁትና የሚገፉት ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው በሰሜን ናቸው። አንድ ሰው «ዘጋሁት» ሲል ቧንቧ እንደ ቤት ቧንቧ አይዘጋም፤ በ2012 ሲቆም ውስጡን በውሃ ማጠብና መሙላት አስፈልጎ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ አገሮች የታሰሩት በውል ብቻ አይደለም። አንዱ ጉድጓዱን ቢዘጋ የሌላው ቧንቧ ይረጋል፤ አንዱ ማሞቂያውን ቢያጠፋ የሌላው ድፍድፍ መሬት ውስጥ ይቀራል።

የሒሳቡን ነገር ደግሞ እነሆ። ካርቱም በመጀመሪያ በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ስትጠይቅ፣ ጁባ ከአንድ ዶላር በታች ትሰጥ ነበር። በሴፕቴምበር 2012 አዲስ አበባ ላይ በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ ሸምጋይነት የተስማሙት፣ ለመጀመሪያው መሥመር 11 ዶላር፣ ለሁለተኛው 9 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሲሆን፣ በዚያ ላይ ካርቱም በመገንጠሉ ስላጣችው ገቢ ማካካሻ በበርሜል 15 ዶላር እየተጨመረ በድምሩ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እስኪሞላ እንዲከፈል ነበር። የተቆረጠው በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ዶላር መሆኑን ልብ ይሏል። ነዳጅ መቶ ዶላር በሚሸጥበት ጊዜ ይህ ይቻላል። በ2016 መጀመሪያ የዓለም ዋጋ ወደ ሠላሳ ዶላር ሲወርድ ግን ደቡቦች ነዳጃቸውን ሸጠው የማስተላለፊያውን ከከፈሉ በኋላ እጃቸው ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ነው ክፍያው ከዋጋው ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል የተስማሙት። ከማዕድን ይልቅ እንዲህ ያለች አንዲት የውል አንቀጽ ታስፈራኛለች።

አልማዝ ዘካዛንቺስ

ሁላችሁንም በጥሞና አንብቤአችኋለሁ። የባሮ ዳር የ«ደጅ» ሐሳብ ለነዳጅ ይሠራል። ለወርቅ ግን አይሠራም፤ ምክንያቴን ልግለጽ።

በ2011 ደቡብ ሲገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛው አብሮ ሄደ። የካርቱም መንግሥት በአንድ ሌሊት የውጭ ምንዛሪ አጣ። ያን ቀዳዳ የደፈነው ወርቅ ነው። በ2012 በሰሜን ዳርፉር ጀበል ዓሚር ላይ ወርቅ ተገኘና ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈ። ወርቁ የሚወጣው በኩባንያ አልነበረም፤ ሰው በገመድ ጉድጓድ እየወረደ፣ በመዶሻ እየፈለጠ፣ በሜርኩሪ እያጠበ ነው። በጃንዋሪ 2013 የቦታው ባለቤቶች በኒ ሑሴኖችና ግመል አርቢዎቹ ሪዘጋቶች ተጋጩና ብዙ አሥር ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ቦታው ጃንጃዊድ የሚባለውን የዳርፉር ሚሊሻ ይመሩ በነበሩት በሙሳ ሂላል ሰዎች እጅ ገባ። ሙሳ ሂላልን ደግሞ በ2017 የያዛቸው የራሳቸው የቀድሞ የጃንጃዊድ ባልደረባ፣ የፈጥኖ ደራሹ ጦር አዛዥ መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ «ሄሜቲ» ናቸው። ከዚያ በኋላ ይህ ጦር ደመወዙን ከመንግሥት ብቻ የሚጠብቅ ጦር አልነበረም። በኤፕሪል 2023 ከመከላከያው ጋር ሲዋጋ የራሱ ገንዘብ የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ነዳጅ ጉድጓድ፣ ቧንቧ፣ ማሞቂያ፣ ወደብና ውል ይፈልጋል፤ ቧንቧ ሠሪ እንዳስረዳን ጠላቶችን እንኳ አንድ ላይ ያስራል። ወርቅ በሻንጣ ተይዞ ከአውሮፕላን ይገባል፤ ማታ ከዳርፉር የወጣው በማግስቱ ዱባይ ገበያ ላይ ይገኛል። ደጅ የለውም። ውልም አያሻውም። ስለዚህ ሁለት ሱዳኖች በነዳጅ ተጣልተው በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ተስማሙ፤ አንዷ ሱዳን በወርቅ ተጣልታ የምትስማማበት ጠረጴዛ አላገኘችም። እኔ እንደሚመስለኝ «ሀብት» የሚለውን ቃል በጅምላ መጠቀማችን ራሱ ያሳስተናል።

ባሮ ዳር

እህታችን አልማዝ፣ ተሸንፌአለሁ ማለት ቢከብደኝም ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። የእኔ ሐሳብ ከመሬት ለማይነቀል ሀብት፣ ለነዳጅና ለውሃ፣ የሚሠራ ነው፤ ለወርቅ ሲሆን ጥያቄው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ማን ነው ወደሚለው ይመለሳል። የጁባ ነጋዴም ስለ ውስጡ ጠብ ያሉት ትክክል ነው፤ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ቤንቲዩ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እየተመላለሰች ስትቃጠል ቧንቧው ከሰሜን አልተነቃነቀም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ደቡቦች ሌላ ደጅ ለማግኘት ሞክረው ነበር። በማርች 2012፣ ነዳጁ ተዘግቶ ሳለ፣ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ላሙ ላይ ተገኝተው የወደቡን መሠረት አስቀምጠው ነበር፤ ቧንቧውም በዚያ በኩል እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ወደቡ ተሠርቷል፤ ቧንቧው አልተሠራም። በፌብሩዋሪ 2024 የፓሎቹ መሥመር በሱዳን ጦርነት ቀጠና ውስጥ ሲፈነዳ ጁባ የብዙውን ነዳጇን ሽያጭ ለአንድ ዓመት ያህል አጣች። መምህር ስለ ካታንጋ ያሉትን ያስታውሰኛል።

ሰሜነኛው

ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበትን የድንበር መሬት፣ አል ፋሽቃን፣ የሚያነሣ እንዴት ጠፋ? የ1902ቱ ውል፣ የእንግሊዙ መሐንዲስ ብቻውን የተከለው ድንበር፣ በላዩም ሰሊጥና ማሽላ። ይህም እኮ የቅኝ ግዛት መሥመርና ለም መሬት ነው። ጦራችን ከአብዬ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አወያይ

ርዕሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህን ክር ይውጠዋልና ለብቻው ይከፈት። በአል ፋሽቃ ላይ የሚጻፉ መልሶችን ወደ አዲሱ ክር እናዛውራለን። እዚህ አብዬንና ነዳጁን እንጨርስ።

የጡረታ መምህር

ለሰማያዊ ቆብ አንድ ጥያቄ አለኝ። በ2004 በተፈረመው የአብዬ ፕሮቶኮል ላይ ከአብዬ ነዳጅ 50 በመቶው ለካርቱም፣ 42 በመቶው ለደቡብ መንግሥት፣ ሁለት ሁለት በመቶ ደግሞ ለባሕር ኤል ጋዛልና ለምዕራብ ኮርዶፋን፣ ለንጎክ ዲንካና ለሚሴሪያ እንዲሰጥ ተጽፎ ነበር። በቦታው ሳለህ ስለዚህ ሁለት በመቶ የሚያውቅ ሰው ገጥሞህ ያውቃል?

ሰማያዊ ቆብ

መምህር፣ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። ስለ ከብት መተላለፊያው ለመነጋገር ከሚሴሪያ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ ከወጣቶቻቸው አንዱ ነገሩን አነሣው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አስተርጓሚያችን ዞረው ሁለት በመቶ ማለት ከመቶ ላም ስንት ላም እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት ላም ነው አልናቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ እነዚያን ሁለት ላሞች ማን እንደተቀበላቸው ጠየቁ። እኛ አላወቅንም፤ ወጣቱም አላወቀም። ከዚያ ሻይ መጣ፤ ወደ መተላለፊያው ጉዳይ ተመልሰን መንጋው በየትኛው ቀን ወንዙን እንደሚሻገር ተነጋግረን ተነሣን።